ጫማም ይጹም

በዘመናችን ቤቶች ከሰው እኩል የሚመገቡ ዕቃዎች ተበራክተዋል። ጫማው የወይራ ዘይት ይቀባል፤ ቦርሳው በሙዝ ልጣጭ ይታሻል፤ የሳሎኑ ሶፋ አቼቶና የተልባ ዘይት ተደርጎለት ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል፤ የመኪናው ወንበር የኮኮናት ቅባት ደርሶታል፤ የተጫረው ቀበቶም የጥርስ ሳሙና ተራውን ይጠብቃል። የዚህ ሁሉ መስተንግዶ መነሻ በጎ ነው። ሕፃን በሚድህበት ቤት ሽታው ራስ የሚያዞር ማጽጃ አልረጭም የሚል ሰው አስተዋይ ሰው ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «እኔ የምበላው መርዝ አይደለም፤ መርዝ ያልሆነ ደግሞ ለቆዳ ይበጃል፤ ስለዚህ የምበላውን ጫማዬም ይብላ» ብሎ ይደመድማል። ለሆድ የሚስማማ ሁሉ ለቆዳ የሚስማማ ቢሆን ኖሮ ቆዳ ፋብሪካ ከወጥ ቤት ባልተለየ ነበር። እኔ የምለው አጭር ነው፤ ቆዳ አይርበውም። ቆዳን ያለ መርዝ በቤት ውስጥ የመያዝ ብልሃት ዘጠኝ እጁ አለመቀባት ነው። ቀሪዋ አንድ እጅ ምን፣ ለየትኛው ቆዳ፣ በዓመት ስንት ጊዜ የሚለውን ማወቅ ናት። ጫማም እንደ ባለቤቱ መጾም አለበት፤ ያውም ከባለቤቱ በረዘመ ጾም።

ለምን እንደማይርበው ለማወቅ ቆዳ ፋብሪካ ደጃፍ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሽታውን የቻለ ሞጆ ይሂድ። በሬው በሕይወት ሳለ ቆዳውን ከሥር ደም ይመግበዋል፣ ከፀጉሩ ሥር ያሉት ዕጢዎችም ቅባት ያመነጩለታል። ከታረደ በኋላ ይህ ሁሉ ተቋርጧል። ፋብሪካው ፀጉሩን በኖራ ይመልጠዋል፣ የተፈጥሮ ስቡን አጥቦ ያወጣዋል፤ የሚተርፈው ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር ነው። ይህ ክር እንዲሁ ቢተው እርጥቡ ይበሰብሳል፣ ደረቁ ይገተራል፣ ቢቀቀል ደግሞ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ይለፋል፤ ወይ ከዛፍ ልጣጭና ከፍሬ በሚገኝ ታኒን፣ ወይ በክሮሚየም ጨው። ክሮሚየሙ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን ዛሬ በዓለም ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የእሱ ነው። ከለፋ በኋላ በትልቅ የሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ገብቶ ከውሃ ጋር የተዋሐደ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ በክሮቹ መካከል ዘልቆ ይቀመጥና ቆዳው ሲታጠፍ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ ያደርጋቸዋል። ይህ የቆዳው የዕድሜ ልክ ምሳ ነው። በመጨረሻ በላዩ ላይ ቀለምና ፕላስቲክ መሳይ ስስ ሽፋን ይረጭበታል። የሶፋና የመኪና ወንበር ቆዳ በአብዛኛው እንዲህ የተሸፈነ ነው። በዚያ ሽፋን ላይ የፈሰሰ የወይራ ዘይት ወደ ቆዳው የሚገባበት በር የለውም፤ የሚገባው የእንግዳው ሱሪ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከቅባቱ በፊት ዕቃውን ማወቅ ይቀድማል። ለዚህም አንድ ጠብታ ውሃ፣ ዓይን በማያርፍበት ጥግ ላይ፣ ይበቃል። ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ከቀረ ቆዳው ሽፋን አለው፤ ዘይትም ሰምም አይሻም፣ በውሃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል። ጠብታው ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ የተቀባውን ሁሉ ይጠጣል፣ ክፉውንም ጭምር። ሸካራው ሱዊድ የሚባለው ደግሞ ዘይት ከነካው አለቀለት፤ የሱ መድኃኒት ደረቅ ብሩሽና የተማሪ ላጲስ ናቸው። የቀረው ጨርሶ ቆዳ ያልሆነው ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ሌዘር» ብሎ የማለለት፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ቅርፊቱ እየተላጠ ምንጣፍ ላይ የሚበተነው ሶፋ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩሬቴን ነው። ፖሊዩሬቴን የአየሩን እርጥበት እየሳበ ውስጥ ውስጡን የሚፈርስ ነገር ነው። ይህን ወይራ ዘይትም ስእለትም አይመልሰውም፤ ባለቤቱ ግን ሳምንት በሳምንት እያሸ «ጠጥቶ ጠጥቶ አልጠግብ አለኝ» ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዘይቱ በፊት ወደ ማጽጃው እንለፍ፤ ብዙ ቆዳ የሚጎዳው በማጽዳት ስም ነውና። የለፋ ቆዳ አሲድ ቢጤ ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን ቆዳ ከ3.5 እስከ 5 ባለው ክልል ይገኛል። ቤኪንግ ሶዳ ከ8 ያልፋል፤ የልብስ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ከዚህም ሊብስ ይችላል። መለኪያው አንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱ 10 እጥፍ ስለሆነ በቁጥር ትንሽ የሚመስለው ርቀት በሥራ ብዙ ነው። አልካሊ የበዛበት ውሃ ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ያለፋውን ነገር ያላላል፣ በበርሜሉ ውስጥ የጠጣውን ዘይት ይዞ ይወጣል። ከዚያ ጫማው ሲገተር «ደረቀ፣ ራበው» ተብሎ ዘይት ይፈለግለታል፤ ያስራበው ግን ሶዳው ነው። ሎሚ በተቃራኒው ጫፍ ቆሟል፤ ፒኤቹ 2 ገደማ በመሆኑ ቆሻሻውን ከነቀለሙ ያነሳዋል። አቼቶ ከሎሚ ብዙም አይርቅም። ደግሞስ አቼቶና ዘይት በአንድ ጠርሙስ ተበጥብጠው «ማጽጃም ማለስለሻም» መባላቸው ምን ይሉታል? ሁለቱ ተዋሕደው ደቂቃ እንኳ እንደማይቆዩ ሰላጣ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ምስክር ነው። አቼቶ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። በክረምት ጎዳናው ላይ ጨው በሚበተንባቸው በሚኒሶታ ወይም በስዊድን የሚኖር ወገናችን ቡትሱ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሲያይ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኖ በጨርቅ ቢጠርገውና በንጹሕ ውሃ ጨርቅ ቢደግመው ጨውን ያነሳለታል። አዲስ አበባ ጨው አይበተንባትም፤ የእኛ ጠላት ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ሲደርቅ በብሩሽ ይረግፋል። በእርጥቡ መጥረግ ግን ጭቃን ወደ ቆዳው ማሸት ነው። ግድ ሳሙና ካስፈለገ አንድ ሁለት ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ማዕዱ። ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የተልባ ዘይት ሰዓሊዎች ለሥዕል የመረጡት ስለሚደርቅ ነው። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል፤ ሸራ ላይ በጎ፣ ሲራመዱ በሚታጠፍ ጫማ ላይ ክፉ። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ ጥግ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያመነጨው ሙቀት ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። «ምንም ኬሚካል የለበትም» ተብሎ የተገዛ ዘይት ቤት አቃጠለ ቢባል ማን ያምናል? የእኛው ኑግም የተልባ ዘመድ ነው። ከዘይቱ 70 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ የሚሆነው ከአየር ጋር ቶሎ የሚዋሐደው ሊኖሊክ የሚባለው ዓይነት ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ከምድጃው በላይ ያለውን መደርደሪያ በጣቱ ይንካው፤ ያ ሙጫ መሳይ፣ አቧራ የለበሰ፣ በሙቅ ውሃም የማይለቅ ነገር የሽሮ ወጥ እንፋሎት ይዞት የወጣው ዘይት ነው። ቦርሳ ላይም ያንኑ ይሆናል። የወይራ ዘይት በዚህ ረገድ ይሻላል፣ አይደርቅም፤ ግን ያጠቁራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም ይከረፋል። የኮኮናት ቅባት 24 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚረጋ ስለሆነ በደጋ ሌሊት ጫማው ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ቅቤስ? ቅቤ ውሃ አለው፣ የወተት ፕሮቲን አለው፣ ሻጋታ የሚወደው ነገር ሁሉ አለው። የረጋው ስቡ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ከቆዳው ውስጥ ወደ ላይ ተመልሶ ነጭ አመድ ይመስላል፤ ባለቤቱም ሻጋታ መስሎት ይደነግጣል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የተነጠረ ቅቤ ከሆነ የመጀመሪያው አድናቂ አይጥ ነው። ምእመኑ ከዓመቱ ግማሹን ያህል ከቅቤ በሚርቅበት አገር ጫማው ሁዳዴን ሲገድፍ መዋሉም አሳፋሪ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መውለቁ በጀው።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ጠንካራ ስለሆነ በቀልድ አይታለፍም። «አያቶቻችን አንቀልባውን፣ ስልቻውን፣ ኮርቻውን ቅቤ እየቀቡ አልነበር ያቆዩት? ያ ቆዳ ዕድሜ ልክ አላገለገለም ወይ?» ይባላል። አገልግሏል። ግን ያ ቆዳና የዛሬው ጫማ በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም። የጥንቱ ቆዳ የሚለፋው በሰው ጉልበት ነበር፤ ተወጥሮ ይፋቃል፣ በእምቧይ ፍሬ ወይም በልጣጭ ጭማቂ ይነከራል፣ ቅቤው ወይም የጉሎው ቅባት እየተጨመረ በእጅ ይታሻል፣ በእግር ይረገጣል። ቅቤው ያኔ ይሠራ የነበረውን ዛሬ በርሜሉ ውስጥ ያለው ዘይት ይሠራዋል። ሽፋን አልነበረውም፤ በጭስ ቤት ስለሚሰቀልም ሻጋታና ነፍሳት ይፈሩት ነበር። እኛ ከዚያ ሁሉ ድካም ነጥለን ያስታወስነው ቅቤውን ብቻ ነው፤ ባለሙያውን ረስተነዋል። ባለሙያው ሲታወስም ለስድብ ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ያደረሳቸው ይኸው ነው፤ ከተሰዳቢዎቹ አንዱም ቆዳ ፋቂው ነበር። የአውሮፓ ጓንት ሠሪዎችም ስስ ቆዳን በአልሙም፣ በጨው፣ በዱቄትና በእንቁላል አስኳል ያለፉ ነበር፤ ለጓንት በዓለም ገበያ የሚፈለገው የደጋችን በግ ቆዳ ቀዳሚ ዘመዶች በእንቁላል ተለስልሰዋል ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ቆዳ ቤት ገብቶ አያውቅም አልልም። የገባው ግን በሥራው ሰዓት፣ በባለሙያ እጅ ነው። ዕቃው አልቆ ሱቅ ከደረሰ በኋላ በላዩ ላይ እንቁላል መስበር የተጋገረ ዳቦ ላይ እርሾ እንደመነስነስ ያለ ነው። መቀባት ለዕድሜ ግዴታ አለመሆኑን ለማየት ደግሞ የአባ ገሪማን ወንጌላት ማሰብ ይበቃል። ብራናቸው በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደበ ነው። ብራና የለፋ ቆዳ አይደለም፣ ንጽጽሩ ሙሉ አይሆንም። ቢሆንም ያን ሁሉ ዘመን ከአድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የኖረው ቅቤ ሳይቀባ ነው፤ ቢቀባ ኖሮ የአንዱ ገጽ ጽሕፈት ከሌላው ገጽ ጋር ተደራርቦ በታየ ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ታዲያ የፋብሪካውን ኬሚካል ልንገዛ ነው?» የሚል ነው። አላልኩም። ተፈጥሯዊ መሆንና አለመመረዝ አንድ አይደሉም ነው ያልኩት። እንዶድ ከቁጥቋጦው ተለቅሞ ሸማ ያነጣል፤ ከዚህ የበለጠ ተፈጥሯዊ ሳሙና የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት የወንዙ ክፍል በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለመዋጋት የዋለው ትልቅ ግኝት መነሻው እንዶድ መግደሉ ነበር። ቆዳ ያለፋ የነበረው የእምቧይ ፍሬም የሚበላ አይደለም። ጉሎን ብንወስድ ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፤ መርዙ በጭማቂው አተላ ስለሚቀር በአግባቡ የተጣራው ዘይት ግን ለፀጉርም ለቆዳም ይሆናል። ቫዝሊን ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው። በነዳጅ ዘርነቱ ከተፈረደበት ሞት ይገባዋል፤ እሱን ግን ተጣርቶ ስለሚመጣ የሕፃን ፊት እንቀባዋለን፣ ምንም አልሆነም። አይከረፋም፣ አይደርቅም፤ የሥራ ቡትስ ላይ በስሱ ቢታሽ ከኑግ ዘይት በብዙ ይሻላል። ከዚህም የሚገርም ነገር አለ። በክሮሚየም በለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ክሮሚየም እምብዛም ጉዳት የሌለው ዓይነት ሲሆን፣ ስድስተኛው ክሮሚየም የሚባለው ወንድሙ ግን ቆዳ የሚያሳክክና ካንሰር የሚያመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውነት በሚነካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድቦታል። ደጉ ወደ ክፉው እንዲለወጥ ከሚያግዙት ውስጥ የቆዳ ኬሚስቶች የሚጠቅሷቸው ሙቀት፣ ብርሃን፣ አልካሊና በቀላሉ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሐዱ ዘይቶች ናቸው። እነሱ የሚናገሩት ስለ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ቤት ውስጥ መርዝ ፈጠረ ብሎ ማስፈራራት ውሸት ይሆናል። ሆኖም ከመርዝ ለመሸሽ ተብሎ ቤኪንግ ሶዳና ኑግ ዘይት ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽሽቱ ወዴት እንደሆነ ያጠያይቃል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከመንገድ ዳር ይመጣል፤ «ሊስትሮው በአረፋ አጥቦት ጫማዬ ምን ሆነ?» ይላል። ሊስትሮ የሚከበር ባለሙያ ነው፤ ሣጥኑን በብሩሹ ቷ ሲያደርግ ሚኒስትሩም ተማሪውም ሳይጠየቁ እግር ይቀይራሉ፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ብዙ የለም። ነገር ግን ጫማውን ያዳነው አረፋው አይደለም። ጫማው በአብዛኛው የተሸፈነ ቆዳ በመሆኑ፣ አረፋውም ወዲያው ስለሚጠረግ ጉዳቱ ቀለለ። አረፋው ሰርጎ የሚቀረው በስፌቱና በሶሉ ዙሪያ ስለሆነ ጫማ ቶሎ አፉን የሚከፍተውም በዚያው ነው። የሚያብረቀርቀውን ያመጣው የእጁ ፍጥነትና የመጨረሻው ጨርቅ ነው። የሙዝ ልጣጭ ምስጢርም ይኸው ነው፤ ልጣጩ ከውሃና ከስኳር ብዙም አያልፍም፤ ከልጣጩ በኋላ በጨርቅ ደጋግሞ የታሸ ጫማ ግን ያለ ልጣጩም ያበራ ነበር። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ጭረቱን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውንም በመጫር ነው።

«ያልተቀባ ቆዳ ይሰነጠቃል» የሚለው ቀርቷል። እውነት ያለበት ስለሆነ በጥንቃቄ ልያዘው። ቆዳ የሚሰነጠቀው በጥቂቱ ቅባት በማጣት፣ በብዙው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የእግር መታጠፊያው ላይ የተቀመጠ አሸዋና አቧራ በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን ይከረክራል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የበጋው ፀሐይ ሽፋኑን ያደርቀዋል። ዝናብ የመታው ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ያበቃል፤ በታኒን የለፋ እርጥብ ቆዳ በ70ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ክሩ ተኮማትሮ ዳግም አይመለስም። ከእነዚህ አንዱንም ዘይት አይከለክልም። የመቀባትን ዋጋ ከሁሉ በላይ የመረመሩት ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የብሪቲሽ ሙዚየም ቅባት በመባል የሚታወቀው ከበግ ፀጉር ቅባት፣ ከንብ ሰም፣ ከዝግባ ዘይትና ሄክሳን ከሚባል ፈሳሽ የተሠራ ድብልቅ ለአሥርት ዓመታት በቆዳ የተደጎሱ መጻሕፍትን ሲቀባ ኖሯል። የጥበቃ ባለሙያዎቹ ቆይተው ሲመረምሩ ቅባቱ ቆዳውን ከመፍረስ እንዳላዳነው፣ ይልቁንም አንዳንዱን እንዳጠቆረውና እንዳጣበቀው አዩና እየደጋገሙ መቀባቱን ተዉት። የዘወትር ሥራቸው አሁን የአየሩን እርጥበትና ሙቀት መጠበቅ፣ አቧራ ማራገፍ፣ ብርሃን መቀነስ ነው። የመቶ ዓመታት መጻሕፍት ያሉት ቤት በጾም ከተዳደረ የእኛ የእጅ ቦርሳ በየሳምንቱ የሚፈስክበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ብሩሽ። ጥሩ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ከገበያው ሁሉ መርዝ የሌለበት የጫማ መድኃኒት ነው፤ አይሸትም፣ አያልቅም፣ ሕፃን ቢልሰው እንኳ ከማስነጠስ አያልፍም። ከሥራ ሲመለሱ ሁለት ደቂቃ መቦረሽ በወር አንዴ ከመቀባት ይበልጣል። ጫማ በተከታታይ ቀናት ባይደረግ ይመረጣል፤ ላቡ መድረቅ አለበት። ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ መተው፣ ጋዜጣው ሲረጥብ መቀየር፤ ከሰሉን ለቡናው መተው። በክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው ሻጋታ የሚመጣው የአየሩ እርጥበት ከ65 እና 70 በመቶ ሲያልፍ ነው። በሩን አልፎ አልፎ ገርበብ ማድረግ ይጠቅማል፤ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ግን ሻጋታን በእጅ እንደማርባት ነው። ከወጣ በኋላ ደጅ አውጥቶ መቦረሽ፣ ቀጥሎ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥኖ፣ ቀለሙን እንዳያነሳ ጥግ ላይ ሞክሮ፣ በጨርቅ መጥረግ። ዳግም አረቄ በኃይሉ ለዚህ ሥራ ቀጥኖ የመጣ ያህል ነው፤ ግን ለጫማ ሲባል የተከፈተ ጠርሙስ ጫማው ዘንድ ሲደርስ ጎድሎ መገኘቱ የታወቀ ነው።

ክፍት ለሆነው ቆዳ ብቻ፣ ያም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጫማው በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የሚገባው የፍስክ ቀን አለው። የሚቀባውም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በሰም ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ጠጅ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ ተቀልጦ ሲጣራ ንጹሕ የንብ ሰም ነው። አንድ እጅ ሰም በሦስት እጅ የተጣራ የጉሎ ዘይት፣ በሚዛን፣ በጣሳ አድርጎ ጣሳውን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። ሰሙ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሲዋሐድ አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። የጉሎ ዘይት አይደርቅም፣ ሙጫም አይሆንም፤ ሰሙ ደግሞ በላይ ቀርቶ ውሃን ይመልሳል። ቆዳውን በጥቂቱ እንደሚያጠቁር ታውቆ አስቀድሞ በድብቅ ጥግ ይሞከር። ለአንድ ጥንድ ጫማ የባቄላ ፍሬ የምታህል በቂ ናት፤ በጨርቅ በስሱ ትታሽና አድራ ትቦረሽ። ጠዋት ጣት ላይ ቅባት ከቀረ በዝቷል፤ በደረቅ ጨርቅ ይነሳ። የተረፈውን ጣሳ ከድናችሁ አስቀምጡት። የእናንተ ቆዳ በሕይወት ያለ ነውና ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለደረቀ ከንፈር ይሆናችኋል፤ ጫማ የነካ ጨርቅ ግን ውስጡ እንዳይገባ አደራ።